ከባሕር ወለል ማስረጃ የሚያወጡት መርከቦች፦ ቤይሩት የደረሰችው ‘ግራፕል’ ለምን ሥራ ተገነባች?

ጥር 17/2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409 ከደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 90 ሰዎች በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ቤተሰቦች አስከሬን ተገኝቶ ለመቅበር፣ የአደጋውንም መንስኤ ለማወቅ ይጠባበቁ ነበር። ሁለቱም ያሉት ከውሃው በታች ነበር።

በፍለጋው ከተሰማሩት መካከል ‘ግራፕል’ የተሰኘችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ትገኝበታለች። ስሟ መንጠቆ እንደማለት ነው። አገልግሎት የጀመረችው እአአ በ1986 ሲሆን፣ በዊስኮንሲን ግዛት ከተሠሩት አራት የ‘ሴፍጋርድ’ ምድብ መርከቦች አንዷ ናት።

78 ሜትር ገደማ የምትረዝመው ግራፕል ፍጥነቷ በሰዓት ከ28 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከጦር መርከቦች አንጻር ዘገምተኛ ናት፤ የተገነባችው ለመሮጥ ሳይሆን ለመጎተት ነውና። ሞተሮቿ በሙሉ ኃይል ሲሠሩ የመጎተት ጉልበቷ 68 ቶን ይደርሳል። ፕሮፔለሮቿን የከበቡት የብረት ቀለበቶች በዝግታ በምትጎትትበት ጊዜ የግፊቱን ኃይል ይጨምሩላታል።

አሸዋ ላይ የተቀረቀረ መርከብ ሲገጥማት ግን በሞተር ብቻ አትመካም። ከባድ መልህቆች ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይጣላሉ፤ ከዚያም ገመዶቹ በሃይድሮሊክ መሣሪያ ይሳባሉ። መሬት የያዘው መልህቅ እንደ ችካል ስለሚያገለግል፣ የተቀረቀረው መርከብ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይንሸራተታል። በእሳት የተያያዘ መርከብ ላይ ውሃና አረፋ የሚረጩ መድፍ መሰል ቧንቧዎችም አሏት።

ከሁሉም የሚከብደው ምናልባት ጸንቶ መቆም ነው። ጠላቂዎች ከሥሯ ሲሠሩ መርከቧ ከተንሸራተተች አየር የሚያገኙበት ቱቦ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እንደ ድንኳን በየአቅጣጫው በመልህቅ ተወጥራ ትቆማለች። ከመርከቧ በሚላክ አየር ጠላቂዎች እስከ 58 ሜትር ድረስ ይወርዳሉ። በፍጥነት የወጣ ጠላቂ ሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ እየሆነ ሊጎዳው፣ ሊገድለውም ይችላል፤ መርከቧ ለዚሁ የግፊት መቆጣጠሪያ ክፍል ይዛለች። በስተኋላ ያለው ክሬን ደግሞ 40 ቶን ያነሳል።

ግራፕል ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን እንግዳ አልነበረችም። እአአ በ1996 ኒው ዮርክ አቅራቢያ የ230 ሰዎች ሕይወት የጠፋበትን የቲደብሊውኤ 800 ስብርባሪ ከእህቷ ‘ግራስፕ’ ጋር አውጥታለች። በ1999 ደግሞ 217 ሰዎች የሞቱበትን የግብፅ አየር መንገድ አውሮፕላን ፍለጋ ተሳትፋለች። እዚያ ውሃው ጥልቅ ስለነበር በርቀት የሚታዘዝ ሮቦት ወርዶ ነበር።

ቤይሩት ላይ የበረራ መረጃ መቅጃውን ያወጡት የሊባኖስ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ናቸው፤ ከአደጋው ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ። የአብራሪዎቹን ድምፅ የያዘው መቅጃም በቀናት ልዩነት ተገኘ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የወጣው የሊባኖስ የምርመራ ሪፖርት መንስኤው የአብራሪዎቹ ስህተት ነው ሲል ደመደመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ድምዳሜውን አልተቀበለውም።