ስለ ንዳድ በሽታና ከአባት ከእናት ስለሚወረሰው ደም

በአንድ ቤት የሚኖሩ፥ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ወንድማማቾች አንዱ በበሽታ ሲወድቅ ሁለተኛው በጤና ይኖራል። ይህ ነገር በብዙ አገር ታይቷል። በደቡብ አሜሪካ ደም የሚመጥ ተባይ የሚያስተላልፈው ቻጋስ የተባለው በሽታ፥ ከያዛቸው ሰዎች እስከ ሢሶ የሚሆኑትን ከብዙ ዓመት በኋላ ልባቸውን ይጎዳል፤ የቀሩትን ግን ልባቸውን ሳይነካ ይተዋቸዋል። ሊቃውንትም የዘር ውርስ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ሆነ ይመረምራሉ።

የዚህ ዓይነት ምሳሌ በጅማ አገርም ይገኛል፤ ይኸውም ንዳድ ወይም ወባ ነው። በሰቶ ሰመሮና በዙሪያው ባለው የቡና አገር ክረምቱ ሲወጣ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፥ ቡና በሚለቀምበት ወራት ንዳድ ይበረታል። በሽታውን ከሚያመጡት ጥቃቅን ፍጥረታት ዋኖቹ ፋልሲፓረምና ቪቫክስ ይባላሉ።

ቪቫክስ ወደ ቀዩ ደም የሚገባው ዳፊ በተባለ ምልክት ነው፤ ምልክቱም እንደ በር ያገለግለዋል። ይህ በር በአንዳንድ ሰዎች ደም ላይ የለም። ምክንያቱም ጸሐፊ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል እንደሚለወጥበት፥ በዘር ውርሳቸው ውስጥ አንዲት ነገር ተለውጣ፥ ያችንም ከአባትም ከእናትም ስለ ወረሱ ነው። በኢትዮጵያ በሩ ያላቸውም የሌላቸውም አብረው ይኖራሉ።

በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሊቃውንት ይህን ከገለጹ ወዲህ፥ በሩ የሌለው ሰው በቪቫክስ ከቶ አይያዝም ተብሎ ብዙ ዘመን ታመነ። ነገር ግን የጅማ ሕሙማን ደም የተመረመረበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፥ በሩ በሌላቸው ሰዎችም ደም ቪቫክስ መገኘቱን አስረዳ። ስለዚህ ውርሱ በሽታውን ያሳንሳል እንጂ ፈጽሞ አይከለክልም። ከሁሉ ይልቅ ገዳይ የሆነውን ፋልሲፓረምንማ አያግደውም።

እንግዲህ «የእኛን ዘር ንዳድ አይነካውም» ብሎ በሽተኛን በቤት ማስተኛት ልጅን ለሞት ያደርሳል። ሽማግሎች ይህን ለቤተ ሰብ ሊያስረዱ ይገባል። አስተማሪም ተማሪው ትኩሳት በያዘው ቀን፥ የማንም ልጅ ቢሆን፥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ እንዲመረመር ያድርግ። ቪቫክስ በጉበት ተሸሽጎ ከወራት በኋላ ስለሚመለስ፥ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ትኩሳቱ ቢበርድም እስከ መጨረሻው ይወሰድ፤ ሌሊትም ሁሉም በአጎበር ውስጥ ይተኛ።