“ተጠባባቂ ነሽ” ከተባለ በኋላ ዩኒቨርሲቲውን ሄዶ ማየት ይጠቅማል?

በእኛ ካምፕ ዲግሪ ይዘው ከተሰደዱት መምህራን መካከል ማስተርስ ያመለከቱ ጥቂቶች ሰሞኑን መልስ ደርሷቸዋል። መልሱ ግን ተቀብለናችኋልም፣ አልተቀበልናችሁምም አይልም። “ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ናችሁ” ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱ ጥያቄው አንድ ሆኗል፦ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ወይስ ሄደን ትምህርት ቤቱን እንየው?

እኔ የጨረስኩት 12ኛ ክፍልን ነው፤ ማስተርስ ለእኔ ገና ሩቅ ነው። ነገር ግን በየካቲት 2014 ዓ.ም. አብራኝ የምታስተምር አንዲት እህት፣ ተጠባባቂ ያደረጋትን ኦምዱርማን ያለ ዩኒቨርሲቲ ልታይ ስትሄድ፣ ዐረብኛ ስለምሞክር አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ሄጃለሁ። ያየሁትንና ጠይቀን የተረዳነውን ልንገራችሁ።

ተጠባባቂ ማለት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አገር ቤት የሥራ ውጤት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ካለፉት ስም በታች “1ኛ ተጠባባቂ፣ 2ኛ ተጠባባቂ” የሚል ታያላችሁ፤ ያለፈው ሰው ከቀረ ተጠባባቂው ይጠራል። የዩኒቨርሲቲውም በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር አለመስጠታቸው ነው። አንድ ወንበር ሲለቀቅ በየትኛው የትምህርት ዘርፍ ሰው እንደጎደለ፣ የትኛው አማካሪ መምህር ተማሪ መቀበል እንደሚችል አይተው ይመርጣሉ እንጂ በተራ ላይጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ “ስንተኛ ነኝ?” ብላችሁ ጠይቃችሁ መልስ ብታጡ ተንኮል አይምሰላችሁ።

ሄዶ መታየት ስምን ወደ ላይ ያወጣል? አያወጣም። ይህን አስቀድሜ የምለው ብዙዎቻችን በልባችን እንደዚያ ስለምናስብ ነው። እኛ አገር ደጅ መጥናት የቆየ ወግ ነው፤ ጉዳይ የሚያልቀው በአካል ቀርበው፣ ፊት አሳይተው፣ ተመላልሰው ነው። የምርጫ ኮሚቴ ግን የሚያየው ወረቀት ነው። በር ላይ የቆመ ሰው አይቶ አዝኖ የሚያስገባ ሬጅስትራር ካለ እንዲያውም መፍራት ነው፤ ነገ ደግሞ ለሌላው አዝኖ እናንተን ያስወጣል።

ታዲያ የመሄድ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥሪው የመጣ ቀን መልስ ለመስጠት ዝግጁ መሆን ነው። ተጠባባቂ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ቀን ነው። ከተማ ላለ ሰው ይበቃዋል። ካምፕ ላለ ሰው ግን የመውጫ ፈቃድ ማግኘቱ ብቻ ቀኑን ሊበላው ይችላል። ቋንቋውን፣ ክፍያውን፣ ማደሪያውን፣ የሚጎድለውን ወረቀት አስቀድሞ ያወቀ ሰው “አዎ” ወይም “አይ” ለማለት አንድ ቀን ይበቃዋል።

ከቋንቋው ልጀምር። ሱዳን ውስጥ ከ1990 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎቹን ማስተማሪያ ወደ ዐረብኛ አዙሯል። ኦምዱርማን ያለው እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ መነሻው በ1912 የተቋቋመ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው፤ ዐረብኛ አንብቦና ጽፎ ለማያውቅ ሰው ከባድ ነው። እዚያው ኦምዱርማን የሚገኘው አህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ግን በእንግሊዝኛ ማስተማሩን ቀጥሏል። የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ ደስ ይላል። ባቢከር በድሪ የሚባሉ፣ በወጣትነታቸው ከማህዲ ጦር ጋር የተሰለፉ ሰው በ1907 ሩፋዓ በምትባል ከተማ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 ኦምዱርማን ላይ የሴቶች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ በ1995 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግሊዝኛ የተማራችሁ እህቶች ይህን ልብ በሉ። ሌላው ግን የሚያመለክትበት ክፍል በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር በጽሑፍ ሳይጠይቅ ብር አያውጣ።

ስለ መንገዱ። ያለ ተስሪህ እንዳትነሱ። ስደተኛ ከካምፕ ሲወጣ ከሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን፣ እኛ ኮር ከምንለው፣ የጉዞ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ኬላ ላይ ያለ እሱ የተገኘ ሊታሰር፣ ሊቀጣ፣ ሊመለስም ይችላል። ፈቃድ ለማውጣት የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይረዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በኢሜይል “መጥቼ ማየትና ሬጅስትራሩን ማነጋገር እችላለሁ?” ብላችሁ ጻፉ፣ መልሱን አትሙት። ከገዳሪፍ ካርቱም በዋድ መደኒ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦምዱርማን ደግሞ ከካርቱም ማዶ ነው፤ በድልድይ ነው የሚታለፈው። (ነጭ ዓባይን ስንሻገር ጓደኛዬ ወደ ቀኝ እያየች “ከጣና የመጣው የቱ ነው?” አለችኝ። ሾፌሩም ተሳፋሪውም አላወቀልንም፤ እኛ ግን ከቀለሙ ለየነው።)

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ወታደሩ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ያኔ ሰልፍ በተጠራበት ቀን ድልድዮቹ በኮንቴይነር ይዘጉ፣ ኢንተርኔትም ይጠፋ ነበር። ሰልፍ መቼ እንደተጠራ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ሌላው፣ ቢሮ የሚዘጋው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሥራ አለ። በረመዳን ደግሞ የሥራ ሰዓት ያጥራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሬጅስትራር ቢሮ የቆየነው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሠራተኛዋ ፋይሉን ገልጣ፣ ጓደኛዬ ያስገባችው ትራንስክሪፕት “ስቱደንት ኮፒ” መሆኑን አሳየችን። ለማመልከቻ ይበቃል፤ ለምዝገባ ግን ኦፊሻሉ ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ፣ ታሽጎ መምጣት አለበት አለች። ይህ ኢሜይሉ ላይ አልነበረም። ተጠርታ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ ተሰጥቷት ምዝገባው ላይ ትቀር ነበር።

አገር ቤት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ችግሩን ታውቁታላችሁ። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ያልከፈለ ሰው በእጁ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ነው፤ ኦሪጅናል ዲግሪውና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ዕዳው ሲዘጋ ነው የሚወጣው። ብዙዎቻችን ደግሞ ሥራ ይዘን ቀስ ብለን እንከፍላለን ስንል ነው ጦርነት የመጣብን። ዘመድ ሄዶ ይክፈልልኝ ካላችሁ ውክልና ይጠየቃል፤ ውጭ አገር ላለ ሰው ውክልና በተለምዶ የሚረጋገጠው በኤምባሲ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከመንግሥቱ ጥበቃ ሸሽቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ወደ አገሩ ኤምባሲ መሄዱ በጉዳዩ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ሳትሄዱ የዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ክፍልን አማክሩ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 25፣ ስደተኛ ከአገሩ ባለሥልጣን ማግኘት ለሚከብደው ሰነድ የተጠለለበት አገር እንዲረዳው ይላል። አንቀጽ 22 ደግሞ በከፍተኛ ትምህርት፣ በውጭ ማስረጃ እውቅና፣ በክፍያ ቅነሳና በስኮላርሺፕ ስደተኛ ቢያንስ ከሌላ የውጭ ዜጋ እንዳያንስ ያዝዛል። ሱዳን ስምምነቱን የተቀበለችው በ1974 ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ብትገቡ አነጋገራችሁ ይለወጣል፤ ጓደኛዬ ወረቀት ላይ ጽፋው ነበር የሄደችው።

ክፍያውንም ጠየቅን፦ ስደተኛ የሚቆጠረው እንደ ሱዳናዊ ነው ወይስ እንደ ውጭ ተማሪ? የሚከፈለው በሱዳን ፓውንድ ነው በዶላር? ቦታ ለማስያዝ የሚከፈል አለ? ቀርቼ ብገኝ ይመለሳል? ዝርዝሩ የሚዘጋው መቼ ነው? መልሱን በቃል አትቀበሉ። ቢሮው ውስጥ የሰማችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፋችሁ “በትክክል ተረድቻለሁ?” ብላችሁ ላኩ።

ከጊቢ ስንወጣ አንድ የእኛው ሰው ሻይ ጋበዘን። “ውስጥ ሰው አለኝ፤ 200 ዶላር ካለ ስምሽ አንደኛ ይሆናል” አላት። የእኛ የመምህራን ኢንሴንቲቭ ተጠራቅሞ ስንት ዓመት ሲሆን ነው 200 ዶላር የሚሆነው? ሻዩን ጠጥተን ተነሣን። እንዲህ ዓይነት ደላላ ስም ሊለውጥ አይችልም። ሰውየው ከተጠራ “እኔ ነኝ ያስጠራሁት” ይላል፣ ካልተጠራ ስልኩን ይዘጋል።

አውሮፓና አሜሪካ ያመለከታችሁስ? በተጠባባቂ ደብዳቤ ቪዛ ማግኘት ዘበት ነው፤ በቪዲዮ ማነጋገር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የአሜሪካን በተመለከተ አንድ ቀን ያዙ፦ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7። ብዙዎቹ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች የገንዘብ ድጋፍ የሰጧቸው ተማሪዎች እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲወስኑ ስለተስማሙ፣ ወንበር የሚለቀቀው በዚያ ሰሞን ነው። ያን ሳምንት ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው።

ዳፊን የምትጠይቁኝም አላችሁ። በ1992 የተጀመረው የጀርመን መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ለማስተርስ አትጠብቁት። እንደ እኔ 12ኛ ጨርሳችሁ የተቀመጣችሁ ግን ጠይቁበት። ዩኤንኤችሲአር በ2021 ባወጣው መሠረት በዓለም ላይ ከፍተኛ ትምህርት የገባው ስደተኛ ወጣት ከ100 5 ነበር፤ በ2030 15 እናደርሳለን ይላሉ።

ጓደኛዬ እስካሁን ተጠባባቂ ናት። ታላቅ ወንድሟ አገር ቤት ዕዳዋን ለመዝጋት ወዲያ ወዲህ እያለ ነው፤ እሷም ስለ ውክልናው ከጥበቃ ክፍል ቀጠሮ ይዛለች። በየሁለት ሳምንቱ ለሬጅስትራሩ አንድ አጭር ኢሜይል ትልካለች፦ አሁንም እፈልጋለሁ፣ ትራንስክሪፕቱ እዚህ ደርሷል። ዝርዝሩ የሚዘጋው ከረመዳን በኋላ ነው።