ናኪቩቦ የሚጮህ፣ ማኅበር ላይ የሚርበተበት

ካምፓላ ውስጥ ከአሮጌው የታክሲ መናኸሪያ ወደ ኦዊኖ ገበያ ሲወርዱ ናኪቩቦ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1926 ተሠርቶ፣ ፈርሶ፣ በ2024 እንደ አዲስ የተከፈተውን ስታዲየም ሱቆች ከብበውታል። ከነሱ በአንዱ የአገሬ ልጅ ጫማ ይሸጣል። ሉጋንዳው ቢቆጠር ሠላሳ ቃል አይሞላም። ሲጮህ ግን ብትሰሙት! «ኤሚትዋሎ ኤቢሪ!» ሲል፣ ሃያ ሺህ ሽልንግ ማለቱ ነው፣ የቦዳቦዳውን (የሞተር ታክሲውን) ጥሩምባና የጎረቤቱን ድምፅ ማጉያ ያስንቃል። አላፊ አግዳሚውን «ሴቦ» (ጌታዬ)፣ «ኛቦ» (እመቤቴ) እያለ እጁን ይዞ ያስገባል።

ይኸው ሰው አምና በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የሦስት ወር ሒሳብ እንዲያቀርብ ተጠየቀ፤ ያውም በአማርኛ። ተነሣ። ወረቀቱ ከእጁ ጋር ተንቀጠቀጠ፣ አፉ ደረቀ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ «ይኸው ነው» ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ ሱቁ ስሄድ «እኔ ዱሮም ንግግር አልተፈጠረልኝም» አለኝ። ይህን ያለኝ ልገዛ ያላሰብኩትን ጫማ አስገዝቶ መልስ እየቆጠረልኝ ነው።

አፍ የሚያስሩ እምነቶች ብዙ ናቸው። በየስብሰባውና በየቃለ መጠይቁ የምሰማቸውን ላንሣ።

ተረት፦ «ፍርሃቴ ፊቴ ላይ ይነበባል።»

ጥቂቱ ይነበባል፤ አብዛኛው አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ያለ ዝግጅት ንግግር አስደረጉ። ተናጋሪው «እንዲህ ነበር የተርበተበትኩት» ብሎ ለራሱ የሰጠው ነጥብ፣ አድማጩ ከሰጠው በልጦ ተገኘ። ከዚያ ለአንድ ቡድን አስቀድመው «የውስጣችሁ ሁከት የምታስቡትን ያህል ወደ ውጭ አይታይም» ብለው ነገሩት። ሌላ ምንም ሥልጠና አልሰጡትም። ያ ቡድን በራሱም በአድማጩም ሚዛን የተሻለ ተናገረ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ልብ ይመታል፤ «አዩብኝ» ይባላል፤ «አዩብኝ» ሲባል ልብ ይብስበታል። ሁለተኛው ሲቀር የመጀመሪያው ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም።

አሁን ልናዘዝ። ስለ ወረቀቱ መንቀጥቀጥና ስለ አፉ መድረቅ ከላይ የጻፍኩት እሱ የነገረኝን ነው። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ያየሁት አንድ ሰው ሒሳቡን አሳጥሮ ሲቀመጥ ብቻ ነው። እንዲያውም «ጎሽ፣ አላንዛዛም» ብዬ ነበር።

የአፍ መድረቁም ቢሆን የድክመት ምልክት አይደለም። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ምራቅ ይቀንሳል፣ የጉሮሮ ጡንቻ ይወጠራል፣ ድምፅም ይቀጥናል። በጀርመን የትሪር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1993 ባሳተሙት ዘዴ ጤነኛ ሰዎችን ሆን ብለው ለማስጨነቅ የመረጡት ይህንኑ ነው፦ ፈገግ በማይሉ ዳኞች ፊት አምስት ደቂቃ መናገር፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ በቃል ሒሳብ መሥራት። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሒሳብ አቅራቢያችን ሁለቱን ባንድ ጊዜ ነው የተቀበለው።

ተረት፦ «ሰው ከሞት ይልቅ ንግግርን ይፈራል።»

ወሬው የመጣው በ1973 አሜሪካ ውስጥ ከተደረገ መጠይቅ ነው። ሰዎች የሚፈሩትን ሁሉ እንዲጠቅሱ ሲጠየቁ 41 በመቶው በሰው ፊት መናገርን፣ 19 በመቶው ሞትን አነሡ። ብዙ ሰው የጠቀሰው ፍርሃት ማለት ግን ከሁሉ የከፋው ፍርሃት ማለት አይደለም። በ2012 ጥያቄው እንደገና ለተማሪዎች ሲቀርብ፣ «ከሁሉ የበለጠውን ምረጡ» ሲባሉ ሞት ቀደመ። እንዴት አይቀድም!

ተረት፦ «እንግሊዝኛዬ ካልጠራ አልናገርም።»

ካምፓላ ላለ አበሻ ትልቁ ማነቆ ይኼ ነው። «እስኩል»፣ «እስቶፕ» እያልን ከፊት «እ» እንደምንጨምር እናውቃለን፤ ስለምናውቅም ዝም እንላለን። ናኪቩቦ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማል። በሉጋንዳ «ር» የሚመጣው ከ«ኤ» ወይም ከ«ኢ» ድምፅ በኋላ ነው፤ ቃል መጀመሪያ ላይ ቦታው የ«ል» ነው። ስለዚህ ሬዲዮ «ሌዲዮ» ይባላል። ብዙ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገርም ልማዱ አብሮት ይመጣል። በዚያ እንግሊዝኛ ይከራከሩበታል፣ ይሸጡበታል፣ ያስቁበታል። ጠፍተህ ከሰነበትክ «ዩ አር ሎስት» ይሉሃል፤ የለንደን ሰው ቢሰማ መንገድ የጠፋህ ይመስለዋል። እዚህ ግን «ምነው ጠፋህ» ነው፤ ለእኛማ ከለንደኑ ይልቅ የሚቀርበን ይኼ ነው።

የአነጋገር ቅላጼ ምንም ለውጥ አያመጣም ብል ግን ሌላ ተረት መጨመሬ ነው። ሌቭ አሪና ካይሳር በ2010 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ከባድ የባዕድ ቅላጼ ባለው ድምፅ የሰማውን ነገር በመጠኑ ያነሰ ያምነዋል፤ ለጆሮው ስለሚከብደው ነው። መድኃኒቱ ግን የሰውን ቅላጼ መዋስ አይመስለኝም። ማንሮና ደርዊንግ በ1995 እንዳሳዩት ቅላጼው የጠነከረ ንግግርም ጥርት ብሎ ሊገባ ይችላል። ቀስ ማለት፣ ዋናውን ቃል ረገጥ ማድረግ፣ ቁጥርና ስም ሲሆን መድገም። ነጋዴው «ኤቢሪ»ን ሦስቴ የሚጮኸው ለዚሁ ነው።

ስለ ራስ ድምፅ ከተነሣ ጄኔቫን ማለፍ አይቻልም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ተቀበሏቸው። ጃንሆይ ጸጥታው እስኪመለስ ጠበቁ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። ድምፃቸው የሚያንጎደጉድ ዓይነት አልነበረም፤ ለስላሳ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም ይጠቀሳል።

ተረት፦ «ከንግግር 93 በመቶው ቃል አይደለም።»

የ«በራስ መተማመን» ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ይህችን ቁጥር ያውቃታል፤ ደረትህን ንፋ፣ እጅህን ዘርጋ የሚባለው በሷ ነው። የመጣችው አልበርት ሜራቢያን በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች ነው። የተፈተነው ነጠላ ቃላት፣ የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ ሲጋጩ አድማጩ የተናጋሪውን መውደድና መጥላት ከየትኛው እንደሚገምት ነበር። የሒሳብ ሪፖርት አይደለም። ቃሉ 7 በመቶ ቢሆንማ ሬዲዮ የሚሰማ ባልተገኘ።

ተረት፦ «መጀመሪያ ተረጋጋ፣ ከዚያ ተናገር።»

የሚመታን ልብ «ተረጋጋ» ብሎ ማዘዝ ብዙም አይሠራም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። የልቡ ምት ያው ነው፤ የተለወጠው የተሰጠው ስም ነው። ረዘም አድርጎ መተንፈስም ያግዛል። ለድፍረት ብሎ አንድ መለኪያ ዋራጊ ወይም አረቄ መጎንጨት ግን ፍርሃቱን ለሰዓት ያደነዝዘዋል፤ ማስታወስንም አብሮ ሊያዳክም ይችላል።

በመሸሽ የሚቀልም የለም። ያልተናገሩበት ስብሰባ ሁሉ የሚቀጥለውን ያከብደዋል። ፍርሃቱ ትምህርት ወይም ሥራ እስከማስተው ከደረሰ በሕክምና የሚረዳ ነገር ነውና ባለሙያ ማየት ነው።

ተረት፦ «አንደበት የተፈጥሮ ስጦታ ነው።»

ቅኔ ቤት ብትሄዱ ይህን የሚላችሁ መምህር አታገኙም። ተማሪው ቆጥሮ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይቆጥራል፤ ያውም ጓደኞቹ እየሰሙ። በበላ ልበልሃ ይሟገት የነበረውም ሰው ከልጅነቱ ችሎት ዳር ቆሞ የሰማ ነበር። እኛ ግን ልጅን «በትልቅ ሰው ፊት አፍህን ያዝ» ብለን አሳድገን፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ድንገት «ተነሥና ተናገር» እንለዋለን።

የነጋዴው የናኪቩቦ ድምፅ ማኅበሩ ላይ ያልተገኘው ለዚህ ይመስለኛል። ገበያ ላይ ዓይኑ የደንበኛው እግር ላይ ነው፦ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ጫማው ጠቦታል ወይ። ማኅበሩ ላይ ግን ዓይኑ ወደ ራሱ ዞረ፤ «ሰው ምን ይለኛል» ማለት ይህ ነው። በዚያ ላይ ገበያ ላይ ያፈረበትን ሰው ነገ አያገኘውም፤ ማኅበርተኛውን ግን በየልቅሶው ያገኘዋል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቱን ትቶ ሦስት ቁጥር ብቻ መዳፉ ላይ ጻፈ። ሱቁን ከዘጋ በኋላ፣ በተራ ለተደረደሩ ጫማዎች ሁለት ሦስቴ አቀረበላቸው። ቀኑ ደርሶ ተነሣ፤ አራት ደቂቃ ያህል ተናገረ። መዳፉ አልቦት ስለነበር አንዱ ቁጥር ተደመሰሰና በስሕተት መቶ ሺህ ሽልንግ ጨመረበት።

በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ዋለ። ስለ ድምፁ ያነሣ አልነበረም። አምስቱም የደወሉት ስለ መቶ ሺዋ ነው።