ልጅ ቀን አያራዝምም፦ ገበያው ቀዝቅዞ ለወሊድ መዘጋጀት



የዛሬው ከተለመደው የዋጋ ትንታኔ ትንሽ ወጣ ይላል። ሰንጠረዡ ጠዋት ተለጥፏል፣ ከላይ ታገኙታላችሁ። አሁን የማወራው ስለ ቤት ሒሳብ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙው ስለ ቡና ሳይሆን "ገበያው እንዲህ ቆሞ ቤት እንዴት ይዘህ ነው?" የሚል ሆኗል። ጥያቄው እኔም ቤት አለ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀኗ ነሐሴ 20 አካባቢ ነው ተብለናል። ስለዚህ እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ ገቢው ለምን ቀነሰ? የካቲት 2017 ላይ ኒውዮርክ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ስልኬ አያርፍም ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ 3 ዶላር አካባቢ ነበር። ላኪው በውድ የገዛውን ይዞ ይጠብቃል፣ አቅራቢው የየካቲትን ዋጋ እየጠራ አልሸጥም ይላል፣ መሐል ያለው ደላላ ሁለቱ እስኪገናኙ ቁጭ ነው። እኛ የምንበላው ከዋጋው ሳይሆን ከተዘጋው ውል ነው። ዋጋ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ውል ካልተዘጋ ኮሚሽን የለም። እህሉም ያው ክረምት ነው፤ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ገበያ የሚወጣው የከረመ እህል ብቻ ነው።

ባለቤቴ ጀበና ቡና ትሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥሩ ገቢ ነበረው፤ የቤቱን የዕለት ወጪ የሚሸፍነው የእሷ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የከሰሉ ጭስና ቀኑን ሙሉ መቀመጡ ስላልተስማማት ሚያዝያ ላይ አቆመች። እንግዲህ አንዱ ገቢ ቆሟል፣ ሌላው ቀዝቅዟል፣ ወጪው ግን ቀን ቆርጦ እየመጣ ነው።

ደመወዝተኛ የሆናችሁ ሕጉ አለላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። አባትም 3 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ አለው። እንደ እኔ ደላላ፣ እንደ እሷ የራሷን ሥራ የምትሠራ፣ እንደ ገበሬውም ለሆነ ሰው ግን ፈቃዱን ማንም አይከፍለውም። ራሱ ለራሱ ቀድሞ ማስቀመጥ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ቤት ነው።

1. ለራስ ደመወዝ መቁረጥ

የ12 ወር ኮሚሽኔን በወር በወር ደረደርኩት። ጥርና የካቲት ከፍ ይላሉ፣ ሐምሌና ነሐሴ ይወድቃሉ፣ መስከረም ገና እየተነሳ ነው። ብዙዎቻችን የዓመቱን ደምረን ለ12 እናካፍልና "በወር ይህን ያህል አገኛለሁ" እንላለን። ያ አማካይ ሐምሌ ላይ ኪስ ውስጥ የለም። እኔ የያዝኩት የሦስቱን ዝቅተኛ ወራት አማካይ ነው። ቤቱ በእሱ ልክ እንዲኖር ተስማማን፤ ከዚያ በላይ የገባው በሙሉ ለክፉው ወር ይቀመጣል። ላኪ ውል ሲገባ በጥሩው ዋጋ ሳይሆን በሚችለው ዋጋ እንደሚያሰላው ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ያልተሰበሰበ ኮሚሽን ገቢ አይደለም። "ቅዳሜ እልክልሃለሁ" የተባለ ገንዘብ የዱቤ መዝገብ ላይ ይጻፍ እንጂ የቤት በጀት ውስጥ አይግባ።

2. ወጪውን በቀን መደርደር

በብር ብቻ ከደረደርነው ወጪው ያስፈራል። በቀን ስንደረድረው ግን የትኛው መቼ እንደሚመጣ ታየን። ሐምሌ ክትትልና ትራንስፖርት ነው። ነሐሴ 20 ወሊዱ፣ የሌሊት ኮንትራት ታክሲው፣ የአራሷ ምግብ። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ጳጉሜን ገብታ እንቁጣጣሽ ደረሰ። ቀጥሎ ክርስትናው አለ፤ ወንድ ከሆነ በ40 ቀን መስከረም 25 አካባቢ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ኅዳር 5 አካባቢ። ለእኛ ሥራ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። መስከረም 25 ባዶ ኪስ ነው፤ ኅዳር 5 ደግሞ አዲሱ ቡና መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ነው። ስለዚህ ወንድም ሆነ ሴት ጥምቀቱ በቀኑ፣ ድግሱ ግን ጥር ላይ እንዲሆን ከወዲሁ ለቤተሰብ ተናገርን። እናቴ ትንሽ ቅር አላት፣ በኋላ ግን "ልጁ ይጠመቅ እንጂ ጠላው ይደርሳል" አለች። በሰባተኛው ቀን አቂቃ ለሚያወጡ ወገኖቻችን ቀኑ ይበልጥ ይቀርባል፤ የበጉን ገንዘብ ከወሊዱ ጋር አብሮ ማስላት ያስፈልጋል።

ሕክምናውን በተመለከተ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። እኛ የምንከታተለው ጤና ጣቢያ ነው። ሆኖም አንዳንድ ምርመራና መድኃኒት ከውጭ ሊታዘዝ ይችላል፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ከተባለም ሌላ ወጪ አለ። ለዚህ ብቻ የተለየ ገንዘብ ይዘናል። መደበኛ ደመወዝ የሌለን ሰዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታችንን በጊዜው ማደስም አንርሳ።

3. በብር ሳይሆን በእህል መያዝ

እዚህ ላይ ሙያችን ይጠቅማል። ጥር ላይ እርጉዝ መሆኗን ስትነግረኝ ጤፍ ገና ከአውድማ የወጣበት ጊዜ ነበር። ያኔ ሁለት ኩንታል ገዛሁ። የጥሩን የበላነው አልቆ የክረምቱ አሁንም ተቀምጧል። ክረምት ላይ ዋጋው ወደ ላይ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጤፍ ለነቀዝ አይመችም፣ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። ለገንፎው የሚሆነው ገብስ ግን ይነቅዛል፤ እሱን ባለ ሦስት ንብርብር አየር በማያስገባ ከረጢት ነው ያስቀመጥነው። ዱቄት ቀድማችሁ አታስፈጩ፣ ወፍጮ ቤት የምንሄደው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው።

ቅቤ ሌላ ነው። የአራስ ቤት ያለ ቅቤ አይሆንም፣ ጠያቂውም "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ሲገባ ገንፎ ይቀርብለታል። ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ቅቤ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። እኛ የምንገዛው ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ነጥሮ ይቀመጣል። የሕፃኑን ልብስ ደግሞ ከእህቴ ተቀብለናል፤ ልጅ በሦስት ወር ለሚያልፈው ልብስ ክረምት ላይ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት አላስፈለገንም።

4. ዕቁቡን ከቀኑ ጋር ማገጣጠም

የምጣለው ዕቁብ ዕጣዬ ገና አልወጣም ነበር። ዳኛውን አነጋገርኩ፣ የነሐሴ መጀመሪያ ዕጣ ለኔ እንዲሆን አባላቱ ተስማሙ። ብድር አይደለም፣ ወለድ የለውም፣ የራሴ ገንዘብ ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ዕቁብ ያላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በመጨረሻው ሳምንት የሚጠይቅ ሰው ይዘገይበታል።

5. የወሊድ ገንዘብ አይነገድበትም

ዋናው ነገር ይህ ነው። ግንቦት ላይ አብሬው የምሠራ ነጋዴ የበቆሎ ጭነት አብረን እንግዛ አለኝ። በሦስት ሳምንት ተሸጦ ይመለሳል፣ ትርፉም ደህና ነው። ሒሳቡን ሠራሁት፣ ያዋጣል። ለወሊድ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለድርሻው ይበቃ ነበር። ለባለቤቴ ሳማክራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ዕቃው ባይሸጥ መጋዘን ይጠብቅሃል፣ ልጁስ ይጠብቅሃል?" ጭነቱን ተውኩት።

ጭነቱ ከሰረ ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን አተረፈ። የገባው ገንዘብ ግን ከተባለው ቀን ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ነው፤ ገዢው በከፊል ከፍሎ ቀሪውን አቆየ። ለነጋዴው አንድ ወር መዘግየት ትርፉን ትንሽ ይሸራርፈዋል እንጂ አይገድለውም። ነሐሴ ላይ ለሚወልድ ቤት ግን ያው አንድ ወር ሁሉ ነገር ነው። ንግድ ላይ የምንጠይቀው "ስንት ያተርፋል?" ነው። የወሊድ ገንዘብ ላይ የሚጠየቀው "በዚያ ቀን እጄ ላይ ይኖራል ወይ?" ብቻ ነው። ቀኑን የማያረጋግጥ ትርፍ ለዚህ ገንዘብ አይሆንም። አሁን ገንዘቡ በእሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው ያለው፣ ካርዱም እሷ ጋ ነው። እኔ ገበያ መሐል ስለምውል ፈተናው ለኔ ይበዛል።

ለላኪዎች፣ ለዩኒየኖችና ለነጋዴዎች

ይህ የኔ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቡና አምራቹ ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ልጅ ግን በየትኛውም ወር ይወለዳል። ዩኒየኖች ሁለተኛ ክፍያውን የምትከፍሉበትን ቀን ቀድማችሁ ለአባላት ብታሳውቁ፣ ከተቻለም ክረምት ሳይገባ ብታደርሱት፣ ገበሬው ሐምሌ ላይ ከአራጣ አበዳሪ ይድናል። መጠኑ ባይጨምርም ቀኑ መታወቁ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

ላኪዎች፣ መጋዘናችሁ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። ሆዷ ሲገፋ በር ላይ የምትቀር ብዙ ናት። ቦታዋ እንደሚጠብቃት ብታውቅ ቤቷን በሌላ መንገድ ታቅድ ነበር። ነጋዴዎችም የደላላን ኮሚሽን "ገበያው ሲከፈት" አትበሉ፤ ግማሹንም ቢሆን በተቆረጠ ቀን ክፈሉ። እኛም ቤት አለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መደበኛው እንመለሳለን፤ የክረምቱ ዝናብ ለመጪው የቡና ምርት ምን ማለት እንደሆነ እናያለን። በዚህ ጉዳይ ላይ እናንተ የምትጠቀሙበት ዘዴ ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ያለ ስም አካፍላለሁ።

ቸር ገበያ ያሰማን!