አንገቱ የረዘመ ቫዮሌት አይጣልም

ከሥራ ባልደረቦቻችን አንዷ ከሁለት ወር በፊት፣ እናቷ ትተውላት ያለፉትን የአፍሪካ ቫዮሌት በዘንቢል ይዛ መጣች። ቅጠሎቹ ከላይ ብቻ ተሰብስበው፣ ከሥራቸው ያለው ግንድ እንደ ዶሮ አንገት ተራቁቶ ጎብጧል። አበባ ካቆመ ዓመት አልፎታል። «ለመጣል አልጨከንኩም፤ ለማዳንም አላወቅሁበትም» አለችን። ይኸው ችግር ያጋጠማችሁ እናቶች ብዙ ትሆናላችሁና ያደረግነውን እንንገራችሁ።

አበባው የአህጉራችን ተወላጅ ነው። በታንዛንያ የኡሳምባራ ተራሮች ሲበቅል ያገኘው ባሮን ቫልተር ፎን ሴንት ፖል የተባለ የጀርመን ቅኝ ግዛት ሹም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ወደ አባቱ ወደ ጀርመን ላከው። በትውልድ ስፍራው የሚኖረው በደን ጥላ ሥር፣ በቋጥኝ ላይ ባለ ስስ አፈር ነው። ዛሬ በየመስኮቱ ቢሞላም፣ ደኑ በመመንጠሩ በዚያ እየተመናመነ ሄዷል።

በመጀመሪያ ከታች ያሉትን ያረጁ ቅጠሎች ወደ ጎን እያጠፍን ገነጠልናቸው። ቀጥሎም የአንገቱን ቡናማ ቅርፊት በቢላዋ ጀርባ በቀስታ ፋቅነው፤ አዲስ ሥር የሚወጣው ከዚህ ነውና። የሚያስጨንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተራቆተው አንገት 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከሥሩ ግርጌም ከነአፈሩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይጣላል። ባልደረባችን ይህን ስናደርግ ፊቷን አዞረች። ተክሉ በዚያው ሸክላ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ቅጠሎቹ ከጠርዙ ጋር ተስተካከሉ፤ አንገቱም በልል አፈር ተሸፈነ። «ሰፊ ዕቃ ይመቸዋል» ማለት ስሕተት ነው። የሸክላው ስፋት ከቅጠሎቹ ስፋት አንድ ሦስተኛ ከሆነ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ውኃ እያቆረ ሥሩን ያበሰብሳል። ውኃውም ለብ ብሎ ከታች በሳህን ይሰጠው። ቀዝቃዛ ውኃ ቅጠሉን ያዥጎረጉረዋል። (የዚህ ዓምድ ጸሐፊ የራሷን ያበላሸችው ከቧንቧ በቀጥታ በማጠጣት ነው።)

ሥር መቁረጥ ጭካኔ የሚመስላት እናት የጃፓኖችን ቦንሳይ ታስብ። ዛፉን ያሳነሰው ዘሩ ሳይሆን መቀስና ጠባብ ሳህን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሳህን ሲኮተኮት የኖረ አንድ ጥድ በ1945 ከሂሮሺማው የአቶሚክ ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ ተበርክቷል፤ አሁን በዋሽንግተን ይገኛል። ሥሩ ስንት ጊዜ ተቆርጦ ይሆን!

ጥድ ግን ቤት ውስጥ አይኖርም። ለመስኮት የሚስማማው የወርካና የሾላ ዘመድ የሆነው ፋይከስ ነው። ቅርንጫፉ ስድስት ወይም ስምንት ቅጠል ሲያወጣ ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ መቁረጥ፣ በየሁለት ዓመቱም ሥሩን ማሳጠር ነው። ከቁራጩ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ስለሚያሳክክ ከልጆች ይራቅ። ቫዮሌቱ ግን ሕፃን ቢያኝከውም አይመርዝም። አንድ መስኮት ብቻ ላላት ቤት ሁለቱ ይስማማሉ፦ ብርሃን የሚወደው ፋይከስ ወደ መስታወቱ ይጠጋ፤ ቫዮሌቱ ከኋላው በጥላው ይቀመጥ።

የባልደረባችን ቫዮሌት በአምስተኛው ሳምንት ከመካከሉ ሁለት ትናንሽ ቅጠሎች አወጣ። አበባ ገና ነው። ከገነጠልናቸው ቅጠሎች ጤነኛውን ልጅዋ ከነዘንጉ በብርጭቆ አፈር ተክላዋለች፤ በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት ታየዋለች አሉ።