የዘላቂ ልማት ግቦችና ብዙ ያልተነገረለት የብድር ዋጋ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ያጸደቋቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች በመንግሥታት ዕቅድ፣ በስብሰባና በዜና ዘገባ ስማቸው ሳይነሣ የሚውሉበት ቀን የለም፤ ይሁንና የጊዜ ገደባቸው የሆነው 2030 እየቀረበ ሲመጣ፣ በተለይ አሥረኛው ግብ፣ ማለትም በአገሮች ውስጥና በአገሮች መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት ማጥበብ፣ ከወረቀት አልፎ ምን እንዳስገኘ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ማግኘት አዳጋች ነው። ድርጅቱ ራሱ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ መለካት ከተቻሉት ዝርዝር ግቦች መካከል በታሰበላቸው ፍጥነት የሚጓዙት 17 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አምኗል።

ለዚህ መዘግየት የሚቀርቡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ጦርነት፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ሙስናና ደካማ አስተዳደር፣ እንዲሁም የበለጸጉ አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲያውሉ የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 ያስቀመጠውን መጠን አብዛኞቹ አለማሟላታቸው በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። አንዳቸውም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ተደምረውም አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ይቀራሉ፤ ይኸውም አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት፣ የኃይል ማመንጫ ወይም የውኃ መስመር ለመሥራት ድሃው አገር ከሀብታሙ አብልጦ የሚከፍለው ስለ ምን ነው የሚለው ነው። የመልሱ ትልቅ ክፍል ያለው በገንዘብ ዋጋ ላይ ነው፤ የገንዘብ ዋጋ ሲባልም በዋናው ብድር ላይ የሚከፈለው ወለድ፣ ብድሩን ለመመለስ የሚሰጠው የጊዜ ርዝመት፣ እንዲሁም ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ያለው የእፎይታ ጊዜ በአንድነት ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በ2023 ያወጣው ስሌት እንደሚያሳየው፣ የአፍሪካ አገሮች የሚበደሩበት ወለድ በአማካይ አሜሪካ ከምትበደርበት አራት እጥፍ፣ ጀርመን ከምትበደርበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ነበር።

የኢትዮጵያ ዩሮ ቦንድ፣ ማለትም መንግሥት በውጭ ምንዛሪ ለዓለም አቀፍ ባለሀብቶች የሸጠው የብድር ሰነድ፣ ነገሩን በቅርበት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 አገሪቱ አንድ ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ስትበደር፣ በዚያው ወር የአሜሪካ መንግሥት የአሥር ዓመት ቦንድ ወለድ 2.2 በመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ በየዓመቱ የምትከፍለው ወለድ 66.25 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ በአሜሪካ ወለድ ቢሆን ኖሮ ይኸው ብድር በዓመት 22 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ይጠይቅ ነበር። ልዩነቱ በአሥር ዓመት ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይደርሳል፤ ይህም የብድሩን እኩሌታ ሊጠጋ ጥቂት የቀረው ገንዘብ ነው።

የጊዜው ማጠር ደግሞ ከወለዱ ባልተናነሰ ይጎዳል። ገንዘቡ የታሰበው ለስኳር ኢንዱስትሪ፣ ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመርና ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ሲሆን፣ እነዚህ ሥራዎች የውጭ ምንዛሪ ለማስገኘት ረዥም ዓመታት ይፈጃሉ፤ የስኳር ፕሮጀክቶቹም ከዕቅዳቸው እጅግ ዘግይተዋል፣ የዚህም ተጠያቂነት የአበዳሪው ሳይሆን የአቃጁ ነው። ዋናው ብድር ግን በ2024 መጨረሻ በአንድ ጊዜ ተመላሽ እንዲሆን የታሰረ ነበር። አገሪቱ በ2021 መጀመሪያ ላይ የቡድን 20 አገሮች በዘረጉት የጋራ ማዕቀፍ፣ ማለትም አበዳሪዎች በአንድነት ተቀምጠው የድሃ አገሮችን ዕዳ በሚያሸጋሽጉበት ሥርዓት፣ ለመጠቀም መወሰኗን ስታሳውቅ፣ የመጀመሪያው ምላሽ እፎይታ አልነበረም፤ ፊችን የመሰሉ የብድር ደረጃ መዳቢ ተቋማት ደረጃዋን ዝቅ አደረጉ። ለችግረኞች ተብሎ የተከፈተውን በር ማንኳኳት ብቻውን ቅጣት አስከተለ። በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳይፈጸም ቀረ።

ወለድ የሥጋት ዋጋ ነው፣ ስለዚህ ጦርነትና የተዛባ አስተዳደር ያለበት አገር ብዙ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ በኢትዮጵያም ከልክ ያለፈ ብድርና የፖለቲካ ስሕተት ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም መከራከሪያው የሚዘለው ነገር አለ፤ ከፍተኛ ወለድ ሥጋትን መለካት ብቻ ሳይሆን ይፈጥረዋልም። ችግረኛውን ገበሬ አይከፍልም ብሎ ወለዱን የሚቆልል አራጣ አበዳሪ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ጥርጣሬዬ ትክክል ነበር እንደሚል ሁሉ፣ ገበያውም በራሱ ዋጋ ያባባሰውን ውድቀት ለዋጋው ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል።

ውጤቱ ግን ከምክንያቱ በላይ ትኩረት ይሻል። የንግድና ልማት ጉባኤው በ2023 እንዳስታወቀው፣ መንግሥታቸው ለጤና ወይም ለትምህርት ከሚያወጣው ይልቅ ለወለድ የሚያወጣባቸው ሰዎች ቁጥር 3.3 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። በኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚህም አንድ ዶላር ተጨማሪ ሳይበደር የውጭ ዕዳው በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ብድሩ በዶላር የታሰረለት አበዳሪ የብሩ መውደቅ አልነካውም፤ በብር የሚከፈለው መምህርና ከውጭ የሚገባ መድኃኒት የሚገዛው በሽተኛ ግን ሸክሙን ተሸከሙ። በአገሮች መካከል ያለው ልዩነት ወደ አገር ውስጥ ልዩነት የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው።

ይኸው አሠራር እስከ ቤተሰብ ድረስ ይወርዳል። በአሥረኛው ግብ ሥር የስደተኞች ገንዘብ መላኪያ ክፍያ እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ቃል ተገብቷል፤ የዓለም አማካይ ግን አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ወደ ከሰሃራ በታች አፍሪካ ሲላክ 8 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ አማካይ ከተሰላ፣ በቤሩት ወይም በሪያድ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግል ሴት ለእናቷ 200 ዶላር ስትልክ 16 ዶላር ያህሉ ለአስተላላፊው ይቀራል፤ ቃሉ ቢጠበቅ ኖሮ ክፍያው ከ6 ዶላር ባልበለጠ ነበር።

የዚህ አሠራር ለውጥ የሚዘገየው መፍትሔው ስላልታወቀ አይመስልም። ከዓለም ባንክ ቅርንጫፍ ከሆነው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር የሚገኘው ብድር ለአሥርት ዓመታት የሚዘልቅና የአገልግሎት ክፍያው በተለምዶ 0.75 በመቶ ብቻ የሆነ ነው፤ እጥረቱ የመጠን ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በነሐሴ 2021 ለአባላቱ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መጠባበቂያ ሲያከፋፍል፣ ክፍፍሉ በድርሻ መጠን ስለሆነ መላው አፍሪካ ያገኘው 33 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ድርጅት ዐበይት ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ይሻሉ፤ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ስላላት ማንኛውንም ዐቢይ ውሳኔ ማገድ ትችላለች።

የግቦቹ የገንዘብ ምንጭ ስምምነት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 የጸደቀው በአዲስ አበባ ነበር፤ አስተናጋጇ አገር ያን ቦንድ ከሸጠች ሰባት ወር ብቻ ሆኗት ነበር። ተከታዩ ጉባኤ በ2025 በስፔኗ ሴቪያ ሲካሄድ አሜሪካ ከሂደቱ ወጥታ ነበር። ስለዚህ ከእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች በኋላ የሚነገረውን የቢሊዮኖች ቃል ከመቁጠር ይልቅ፣ ወለዱ ስንት ነው፣ የመክፈያው ዘመን ምን ያህል ነው፣ ምንዛሪው ሲወድቅስ ኪሳራው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ስለ እኩልነት የበለጠ ያስረዳል። እነዚህ ሦስቱ ባልተለወጡበት ሁኔታ 2030 በሌላ ዓመት ቢተካም የሚገኘው ውጤት ከአሁኑ ብዙም የሚለይ አይሆንም።