የጨጓራ በሽታ ታክሞ ሲመለስ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)

በጨጓራ ሕመም ሲሠቃይ የቆየ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ጨርሶ ጥቂት ወራት ካረፈ በኋላ ሕመሙ ሲመለስበት «መድኃኒቱ አልረባኝም» ብሎ ማማረሩ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በሽታው የተመለሰበትን መንገድ ሳይመረምሩ መድኃኒቱን መኰነን፣ ግራ ቀኙን ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው።

የጨጓራን ቁስል በብዛት ከሚያመጡት አንዱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. በአውስትራልያ፣ በፐርዝ ከተማ፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሐኪሞች ይህን ባክቴሪያ ከሕሙማን ጨጓራ አውጥተው ለማራባት ቻሉ፤ ስለዚሁም ሥራቸው በ2005 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ባክቴሪያው ከሕክምና በኋላ ተመልሶ ሲገኝ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ የፊተኛው ባክቴሪያ ፈጽሞ ሳይጠፋ፣ በአመድ እንደ ተዳፈነ ረመጥ ቆይቶ ማገርሸቱ ነው። ሁለተኛው፣ የፊተኛው በእርግጥ ጠፍቶ ሳለ፣ ከጎረቤት እንደ ተጫረ እሳት ሌላ ባክቴሪያ ከውጭ መግባቱ ነው። ሕመሙ በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሕመምተኛው በስሜቱ ሊለያቸው አይችልም።

ለመለየት የሚረዳው የዘረመል ምርመራ ነው። ዘረመል ሕይወት ያለው ሁሉ የሚወርሰው የተፈጥሮ መዝገብ ነው። የዚህ ባክቴሪያ መዝገብ 1.6 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የተነበበው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዝምድና ከሌላቸው ሰዎች የሚገኙት ባክቴሪያዎች እንደ ጣት አሻራ ይለያያሉ። ስለዚህ ከሕክምና በፊትና በኋላ የተወሰዱት ናሙናዎች ተመሳክረው አንድ ከሆኑ አሮጌው እንዳገረሸ፣ ከተለያዩ ግን አዲስ እንደገባ ይገመታል። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል፤ የአንድ ቤት ሰዎች አንዱን ዓይነት ሊጋሩ ስለሚችሉ፣ ከቤተሰብ ዳግመኛ የመጣው አሮጌውን ሊመስል ይችላል።

ልዩነቱን ማወቅ ምን ይጠቅማል? በመጀመሪያው ዓመት የሚመለሰው በአብዛኛው ያገረሸው ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ በአግባቡ አለመወሰዱ፣ ወይም ባክቴሪያው መድኃኒቱን መቋቋሙ ይጠረጠራል። ክላሪትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለመቋቋም በመዝገቡ ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ይበቃል፤ ይህንንም የዘረመል ምርመራ ያሳያል። ያንኑ መድኃኒት ደግሞ መዋጥ ከንቱ ድካም ስለሚሆን ሐኪሙ ሌላ ያዝዛል። አዲስ የገባ እንደሆነ ግን የውኃና የእጅ ንጽሕና እንዲሁም የቤተሰብ ምርመራ ይታሰባል።

ናሙናዎችን የማመሳከሩ ምርመራ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚታዘዝ አይደለም። ለሁሉም የሚቻለው ግን ይህ ነው፤ መድኃኒትን ሕመሙ ሲቀል ሳያቋርጡ እስከ ታዘዘው ቀን መጨረስ፤ ከጨረሱም ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለውን የአሲድ መቀነሻ በሐኪም ምክር 2 ሳምንት አቁሞ፣ በትንፋሽ ወይም በሰገራ መመርመር። የደም ምርመራ ከዳኑም በኋላ ለረጅም ጊዜ በሽታ ያለ ሊያስመስል ስለሚችል መዳንን አያረጋግጥም።

ስለዚህ፣ አንባብያን ሆይ፤ ሕመሙ ሲመለስ ከመድኃኒት ቤት ያንኑ ኪኒን በራስ ፈቃድ ከመግዛት፣ ቀድሞ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስምና የቀኑን ብዛት ጽፋችሁ ለሐኪም ማቅረብ ይበልጣል። ትክክለኛ ውሳኔ የሚሰጠው መዝገቡ ተሟልቶ ሲቀርብ ነውና።